ግሱ እስኪመጣ

ናይሮቢ፣ ዌስትላንድስ ሰፈር ያለው መሥሪያ ቤታችን የሰው ስሜት እየለካ ይሸጥ ነበር። ይህን ስናገር ሰው የማጋንን ይመስለዋል፤ ሥራው ግን እሱ ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ሰዎች ሰብስበን ቴሌቪዥን ፊት እናስቀምጣለን። ለእያንዳንዳቸው የሬዲዮ ድምፅ መጨመሪያ የመሰለች ማዞሪያ ያላት ትንሽ ሳጥን እናስይዛቸዋለን፤ የሚያዩት ነገር ሲጥማቸው ወደ ቀኝ፣ ሲያስጠላቸው ወደ ግራ እንዲያዞሩ እንነግራቸዋለን። ዜሮ አንገሸገሸኝ ማለት ነው፣ መቶ ነፍሴ ወደደችው፤ ሃምሳ ከወዲህም ከወዲያም ያልሆነ ነው። ጎን ባለው ክፍል ውስጥ ኮምፒውተሩ የሁሉንም እጅ አማካይ ይወስድና በምስሉ ላይ አንዲት ቀጭን መስመር ይስላል። መስመሯ ስትወጣ ደንበኞቻችን ይፈካሉ፣ ስትወርድ ፊታቸው ይጠቁራል፤ የሚከፍሉንም ለዚሁ ነው።

እኔ በተቀጠርኩበት ጊዜ መስመሯ የምትወጣውና የምትወርደው በሳሙና፣ በማርጋሪንና በሞባይል ካርድ ማስታወቂያ ነበር። የናይሮቢ እናቶች ስለ ልብስ ሳሙና በልባቸው ምን እንደሚያስቡ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አበሻ ነበረ ቢሉኝ አላምንም። ሥራውን አልጠላሁትም፣ ግን ማታ ማታ ለአባቴ የማወራለት ነገር አልነበረኝም። ስለ ማርጋሪን ምን ይወራል?

ከዚያ ዘጠና ሰባት መጣ። ምርጫው ሊደርስ ሲል አዲስ አበባ ውስጥ ፖለቲከኞች ቴሌቪዥን ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠው መከራከር ጀመሩ፤ የክርክሩ ካሴት ደግሞ በመንገደኛ ሻንጣ ከበርበሬና ከሽሮ ጋር ናይሮቢ ይገባ ጀመር። ሳውዝ ሲ ያሉት የአበሻ ምግብ ቤቶች የእንግሊዝን ኳስ አጥፍተው ክርክር ከፈቱ። ጥብሱ ይቀዘቅዛል፣ ቢራው ይሞቃል፣ ሰው ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ አይነቅልም። የትኛው ተከራካሪ ከየትኛው ወገን እንደነበረ እዚህ አልጽፍም፤ በዚህ ጉዳይ ዛሬም የሚያኮርፈኝ ዘመድ አላጣም። አንዱን ባለ መነጽሩ፣ ሌላውን ባለ ቀይ ክራቫቱ እያልኩ እቀጥላለሁ።

በዚያው ሰሞን አለቃዬ ቢሮዋ ጠራችኝ። ኬንያዊት ናት፤ ቀልጣፋ፣ ደግ፣ ደንበኛ ፊት ግን «አይሆንም» የሚለው ቃል ከአፏ የማይወጣ። አንድ የውጭ ድርጅት፣ በስደት ያሉ ኢትዮጵያውያን ክርክሩን ሲያዩ ምን እንደሚሰማቸው ማወቅ እንደሚፈልግ፣ ለዚሁም ሥራ አንድ ባለሙያ ከአውሮፓ እንደላከ ነገረችኝ።

«ሲስተር፣ ሰዎቹን አንቺ ታመጫቸዋለሽ፤ መመሪያውን በቋንቋችሁ አንቺ ትነግሪያቸዋለሽ። ሌላውን ባለሙያው ይጨርሰዋል። ሳዋ?»

«ሳዋ!» አልኳት፣ እሺ። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። አንድ ጊዜ እንኳ ስለ ማርጋሪን ያልሆነ ነገር ልንጠይቅ ነበር፤ ያውም የእኔን ሰዎች።

መጀመሪያ የነገርኩት ለአባቴ ነው። ካሳራኒ ውስጥ፣ ውኃ ከሚመጣበት ቀን የሚጠፋበት የሚበዛ ፎቅ ላይ፣ እሱና እኔ ተከራይተን እንኖር ነበር። አዲስ አበባ እያለ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበር። መንግሥት ተለውጦ፣ ይነዳቸው የነበሩት ሰዎች አንድ በአንድ ሲታሰሩ፣ እናት የሌለኝን እኔን ልጁን ይዞ በሞያሌ ወጣ። ናይሮቢ ከገባን በኋላ አንድ የአገራችን ሰው ከተማ መሃል በከፈተው የልብስ ሱቅ ተቀጠረና እዚያው ቀረ። ያን ሁሉ ዓመት በዚህ ከተማ የኖረው በጥያቄ ነው። ስምህ ማነው? መቼ ገባህ? በየት በኩል ገባህ? ወረቀትህ የታለ? ምን ታስባለህ ብሎ የጠየቀው አንድም ሰው አልነበረም። አገሩም እያለ አልተጠየቀም፤ እሱ በነበረበት ዘመን ምርጫ የሚባለው ነገር ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ነበር።

«ሐሳባችሁን ሊለኩ ነው» ስለው ሳቀብኝ።

«በሜትር ነው በሚዛን?»

ስለ ማዞሪያዋ ሳስረዳው ግን ሳቁን ተወ። የሚጎትተውን ወንበር ለቀቀና ቆሞ ሰማኝ።

«እኔ ያዞርኩትን ማን ያየዋል?»

«ደንበኛው ያየዋል። ሪፖርት ላይ ይጻፋል።»

«የእኔ ለብቻው?»

«የሁላችሁም አንድ ላይ ነው፣ አባዬ። ግን ያንተም አለበት።»

ጥቂት አሰበ። «እንግዲያው እንደ ድምፅ መስጠት ነዋ» አለ።

ነው አልኩት። ቃል የገባሁለት እኔ ነኝ ማለት ነው። በኋላ ለምን እንደዚያ ደሜ እንደፈላ መረዳት የሚፈልግ ሰው ይህችን ንግግር ይያዝልኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሳውዝ ሲ በተከራየነው አዳራሽ ውስጥ ተሰበሰብን። አባቴ ለጥምቀት የሚለብሰውን ግራጫ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ጫማውን አስጠርጎ መጣ። እሱ ብቻም አይደለም፤ ወንዱም ሴቱም አምሮበት ነበር የመጣው። ኦርቶዶክሶቹ በግራ፣ ጴንጤዎቹ በቀኝ ተቀመጡ፤ ማንም እንደዚያ አላዘዛቸውም፣ እግራቸው ነው የወሰዳቸው። ሳጥኖቹን አደልኩና መመሪያውን በአማርኛ ነገርኳቸው። ስሜታችሁ በተለወጠ ቁጥር ወዲያው አዙሩ፤ አትጠብቁ።

«ሶ ልክ እንደ ቮልዩም ነዋ፤ ሲምፕል!» አለች እዚሁ ያደገች አንዲት ወጣት።

ከኋላዋ የተቀመጡ ነጠላ የለበሱ እናት ግን እጃቸውን አወጡ። «ልጄ፣ ሰውየው ተናግሮ ሳይጨርስ ነው የምናዞረው?»

«አዎ እማማ፣ እየተናገረ እያለ።»

«ነውር አይሆንም?»

አዳራሹ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እሳቸው ግን የምራቸውን ነበር፤ ሳጥኗን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ነጠላቸውን አስተካከሉ።

ካሴቱ ተጀመረ። እኔ፣ አለቃዬና ባለሙያው ከጎን ባለው ክፍል ሆነን በመስታወቱ በኩል ሰዎቹን፣ በኮምፒውተሩ ላይ ደግሞ መስመሯን እናያለን። ባለሙያው ረጋ ያለ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው ነበር። ገና ከመጀመሪያው ግንባሩን ቋጠረ። መስመሯ እንደለመዳት አልሆነችም። ተከራካሪው ሲናገር፣ ሲናገር፣ ሲናገር ሃምሳ ላይ ትቆይና ዓረፍተ ነገሩ ሲያልቅ በአንዴ ትዘላለች፤ ወይ በአንዴ ትወድቃለች። አንዳንዴም ለባለ መነጽሩ የተሰጠው ደስታ የሚመዘገበው ባለ ቀይ ክራቫቱ አፉን ሲከፍት ነው። «ዘገምተኞች ናቸው» አለ ባለሙያው ለራሱ። ሰማሁት፤ ዓይኔን ወደ መስታወቱ መለስኩ።

ከዚያ ያ ቦታ ደረሰ። ባለ መነጽሩ የመጨረሻ ደቂቃው ላይ ሆኖ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንዲህ አለ፦ «እኛ ብንመረጥ፣ በጎረቤት አገር በስደት የሚንገላቱ ወገኖቻችንን፣ ማን ከማን ጋር ነበር፣ ማን ለማን ሠራ ሳንል፣ ያለፈውን ሁሉ ወደኋላ ትተን፣ ወደ አገራቸው እንዲመለሱ...»

የመድረኩ መሪ ደወሉን መታ። «አመሰግናለሁ፤ ሰዓትዎን ጨርሰዋል።»

ባለ መነጽሩ አፉን እንደከፈተ ቀረ። ካሜራው ወደ ባለ ቀይ ክራቫቱ ዞረ፤ እሱም ስለ ማዳበሪያ ዋጋ ጀመረ።

በመስታወቱ አሻግሬ አየሁ። አዳራሹ ውስጥ ወንበሩን የተደገፈ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ወደፊት ተስቧል። አባቴ ማዞሪያዋን በሁለት ጣቱ ጨብጦ፣ አገጩን ወደ ቴሌቪዥኑ ቀስሮ፣ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል። ማን ለማን ሠራ ሳንል የተባለው እኮ ስለ እሱ ነው። የዚህ መንግሥት ይሁን የዚያ፣ ሾፌርነት ሥራ ነው ብሎ ያመነና በእምነቱ አገር ያጣ ሰው ነው። ያቺን አንዲት ግስ እየጠበቀ ነበር፤ ግሷ አልመጣችም። እንዲመለሱ እናደርጋለን? እንዲመለሱ አናስገድድም? እንዲመለሱ እንለምናለን? በአማርኛ ሰውን ወደ ቤቱ መጥራትም፣ ጎትቶ መመለስም፣ ከደጃፉ ማባረርም እስከዚያች ቃል ድረስ አንድ መንገድ ነው የሚሄዱት። ማንም አላዞረም። መስመሯ ሃምሳ ላይ ተጋደመች። ባለሙያው እስክሪብቶውን አነሳ።

ካሴቱ አልቆ ሻይና ማንዳዚ የሚሉት በዘይት የተጠበሰ ዳቦ ሲቀርብ አዳራሹ ተናወጠ። «እናደርጋለን ሊል ነበር!» ይላል አንዱ። «የለም፣ አናስገድድም ነው፤ ፊቱን አላየህም?» ይላል ሌላው። ነጠላ የለበሱት እናት «እንለምናቸዋለን ሊል ነበር፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር እኮ» ብለው ከጴንጤዎቹ ወገን ከአንድ ሽማግሌ ጋር አፍ ለአፍ ገጠሙ። ግራና ቀኙ ተደበላለቀ። ሻይ ፈሰሰ። ስሜት ለመለካት የሚፈልግ ሰው መምጣት የነበረበት ያኔ ነው፤ ግን ማሽኑ ጠፍቶ ሽቦው እየተጠቀለለ ነበር።

ወደ ካሳራኒ ስንመለስ አባቴ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ሙዚቃው ጆሮ እየበጠሰ፣ ሦስት አራቴ ወደ እኔ ዘንበል አለና «ምን ሊል ይመስልሻል?» አለኝ። እኔ ምን አውቄ!

ከጥቂት ቀናት በኋላ አለቃዬ የሪፖርቱን ረቂቅ ሰጠችኝ። የአማርኛ ቃላቱ በትክክል መጻፋቸውን እንዳይ ነበር። ጥሩ ወረቀት ነው፣ መስመሯ በቀለም ተስላለች። መሃሉ ላይ ስደርስ እንዲህ የሚል አገኘሁ፦ ስደተኞቹ ወደ አገራቸው እንዲመለሱ እንደሚፈቀድላቸው ሲነገራቸው ምንም ዓይነት ስሜት አላሳዩም፤ ይህም ከአገራቸው ጉዳይ ልባቸው መቋረጡን፣ አለዚያም ሐሳባቸውን ለመግለጽ መፍራታቸውን ያሳያል። ከሥሩ «የባህል አማካሪ» ተብሎ የእኔ ስም ተቀምጧል።

እንደሚፈቀድላቸው! ማን ነው የፈቀደው? የክርክሩን የእንግሊዝኛ ትርጉም አወጣሁና አየሁ። ትርጉሙ ውጭ አገር ነበር የተሠራው። ተርጓሚው ዓረፍተ ነገሩ ጎደሎ ሆኖ ስላልተመቸው «እንፈቅዳለን» የምትል ግስ ከኪሱ አውጥቶ ጨምሮለታል፤ ያውም እንግሊዝኛ ስለሆነ መጀመሪያው ላይ። እንግዲህ በወረቀቱ መሠረት አባቴ ገና ከመነሻው ና ግባ ተብሏል፣ እሱ ግን እንደ ድንጋይ ተቀምጧል። ዘመኑን ሙሉ ያልተጠየቀ ሰው፣ በተጠየቀ ዕለት፣ ያልሰማውን ነገር ሰምተህ ዝም አልክ ተብሎ ይጻፍበት?

ረቂቁን ይዤ አለቃዬ ጋ ገባሁ።

«አንቺ ‘ሲታኪ’ ስትይ» አልኳት፣ አልፈልግም የሚለውን በስዋሂሊ ጠርቼ፣ ገና ሳልቀመጥ፣ «ገና ‘ሲ’ ብለሽ አፍሽን ስትከፍቺ ሰውየው እምቢ እንዳልሽው ያውቃል። አይደለም?»

«አዎ» አለች፣ ምን ነካት በሚል ዓይን እያየችኝ።

«እኛ እምቢታችንን እስከ መጨረሻው ይዘነው ነው የምንሄደው። አማርኛ መድረሻውን ስትወርጂ የሚነግርሽ ማታቱ ነው። ባለ መነጽሩን ደግሞ መንገድ ላይ ነው ያወረዱት። ሰዎቹ ዝም ያሉት ስላልተሰማቸው አይደለም፤ ያልተነገረ ነገር ላይ ማን ይፈርዳል?»

ሳቀች። «ክዌሊ» አለች፣ እውነትሽን ነው። ወዲያው ደግሞ ሳቋን ሰበሰበች። «ግን ደንበኛው ሪፖርቱን ሰኞ ይፈልገዋል፤ የጻፈው ባለሙያው ነው። ፖሌ ሳና፣ ሲስተር።»

ፖሌ ሳና ለተሰበረ ብርጭቆም፣ ለሞተ ሰውም የሚባል ነው። እኔ ግን ማዘኛ አልነበረም የፈለግሁት። ባለሙያው ክፍል ገባሁ፤ አለቃዬም ተከትላኝ መጣች።

ጨዋ ሰው ነው፤ ወንበር ሰጠኝ፣ እስከ መጨረሻውም ሰማኝ። ሲመልስ ግን ድምፁ ሕፃን ልጅ እንደሚያባብል ነበር። ግሳቸው መጨረሻ ላይ የሚመጣ ሌሎች ቋንቋዎችም እንዳሉ፣ በእነሱም ይህንኑ ሥራ እንደሠራ፣ ሰዎች የዓረፍተ ነገሩን ፍጻሜ እየገመቱ እንደሚያዞሩ ነገረኝ።

«እዚያም የመድረኩ መሪ ሰው ሲያቋርጥ ግስ የሚቀጥልለት ተርጓሚ ነበራችሁ?» አልኩት።

«ትርጉሙ ሊሻሻል ይችላል» አለ። «ግኝቱ ግን አይለወጥም። ስሜት ያለው ሰው አይጠብቅም።»

ስሜት ያለው ሰው አይጠብቅም! ይህችን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። ስሜት ያለው ሰውማ ነው የሚጠብቀው። ስሜት የሌለውማ ሻዩን ጠጥቶ ይሄዳል። ከልጅነቴ ጀምሮ አፌን መያዝ አልችልበትም፤ አባቴ «ምላስሽን ለብቻዋ ወረቀት አውጪላት» ይለኛል። ያን ቀን ሽንጤን ገትሬ ተከራከርኩ። እንግሊዝኛዬ ሲያጥረኝ በስዋሂሊ፣ ስዋሂሊው ሲያልቅብኝ በአማርኛ ቀጠልኩ።

ባለሙያው በትዕግሥት ጠበቀኝና «ካልተስማማሽ ስምሽ ይውጣ» አለኝ።

«ስሜን አይደለም የማስወጣው። ዓረፍተ ነገሩን ነው።»

አለቃዬ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። የሚቀጥለውን ኮንትራት አስታወሰችኝ፤ በለሆሳስ፣ ለእኔው አስባ።

«የሚቀጥለው ኮንትራት ማርጋሪን ነው» አልኳት፣ በለሆሳስ ሳይሆን። ወደ ባለሙያው ዞርኩ። «ሰዎቹ እዚሁ ከተማ ውስጥ ናቸው። ፈርተው ነው ብለህ ከመጻፍህ በፊት አንዱን ጠርተህ ጠይቀው። ፊቱን እያየህ ጠይቀው፤ እኔ አስተረጉማለሁ። እስከዚያ ይህን ረቂቅ ከእጄ አታገኘውም።» ረቂቁ ሌላ መቶ ቅጂ ቢኖረውም አቅፌው ቆምኩ።

ባለሙያው አየኝ። ተናዶ ይሁን ገርሞት እንጃ፣ «አንድ ሰው አምጪ» አለ።

ማንን እንደማመጣ ማሰብ አላስፈለገኝም። አባቴ ነው ብዬም ነገርኳቸው፤ የደበቅኩት ነገር የለም። ለአባቴ መንገሩ ነበር የከበደኝ። ሱቁ ሄድኩ፤ ሸሚዝ እያጠፈ ነበር። የተጻፈውን በአማርኛ ነገርኩት፣ ምንም ሳልቀንስ። ማጠፉን አላቆመም።

«ፈርቶ ነው አሉ?»

«ወይ ፈርቶ፣ ወይ ግድ የለውም።»

«ግድ የለውም» አለ ቀስ ብሎ፣ ቃሉን እንደሚቀምስ። ሸሚዙን አጥፎ ጨረሰ፣ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠ፣ ሌላ አነሳና ሳያጥፈው መልሶ ጣለው። አባቴ ዕቃ ሲጥል አይቼ አላውቅም ነበር። «ቢሮው የት ነው?» አለኝ።

በነጋታው ያንኑ ግራጫ ልብስ ለብሶ በሁለት ማታቱ ዌስትላንድስ ደረስን። በሩ ላይ ዘበኛው ወረቀቱን ጠየቀው፣ ከየት እንደመጣ ጠየቀው፣ ማንን እንደሚፈልግ ጠየቀው። አባቴ ሁሉንም በትሕትና መለሰ፤ ለምዶታል። እኔ ግን ያን ቀን ዘበኛውንም ለመጣላት ዝግጁ ነበርኩ።

አራተኛ ፎቅ ላይ አለቃዬ «ካሪቡ ምዜ»፣ ይግቡ አባት፣ ብላ በአክብሮት ተቀበለችው። ባለሙያው ተነስቶ ጨበጠው፣ ወንበር ሳበለት፣ ውኃ አስቀመጠለት። ካሴቱን ያቺው ቦታ ላይ ከፈተ። እንዲመለሱ... ደወሉ። አጠፋው። ከዚያ ጥያቄውን ጠየቀ፤ ያን ጊዜ ፈርተው ነበር ወይስ ነገሩ አልነካዎትም?

እንዲህ ያለ ጥያቄ ለወላጅ አባት መተርጎም ምን ማለት እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። አንድም ቃል ሳልቀንስ ተረጎምኩት። አባቴ እጆቹን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ። ባለሙያውን ቀጥ ብሎ እያየ፣ ለሽምግልና እንደተላከ ሰው ድምፁን አስተካክሎ ጀመረ።

«እኔ፣ እናንተ ከሩቅ አገር ድረስ መጥታችሁ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ማንም ያልጠየቀኝን ሐሳቤን ስለጠየቃችሁኝ፣ ልጄንም አክብራችሁ ሥራ ስለሰጣችኋት፣ ዛሬም ይህን በመሰለ ቢሮ ውስጥ ወንበር ስባችሁ ስላስቀመጣችሁኝ...»

ብርጭቆውን አነሳና ውኃ ጠጣ።

ባለሙያው ወደ እኔ ዞረ። «ምን አለ?»

«አልጨረሰም።»

«እስካሁን ያለውን ንገሪኝ።»

ነገርኩት። ከሩቅ አገር መምጣታችሁን፣ ሐሳቡን መጠየቃችሁን፣ ለእኔ ሥራ መስጠታችሁን፣ ወንበሩን። በየቃሉ ፊቱ እየተፈታ ሄደ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ለአባቴ ጎንበስ አለለት፤ አለቃዬም ጎንበስ አለች። ምስጋና ነው ብለው ተቀብለውታል። ማዞሪያ ይዘው ቢሆን መስመሯ ጣራ ትነካ ነበር።

አባቴ ውኃውን እስኪጨርስ ጠጣ። አስቦበት ይሁን ጠምቶት እስከ ዛሬ አልጠየቅኩትም። ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«...ብዬ፣ ለአገሩ ግድ የሌለው ፈሪ ነው ብላችሁ እንድትጽፉብኝ አልፈቅድም።»

ተረጎምኩት። «አልፈቅድም» የምትለዋን ሁለት ጊዜ ተረጎምኳት፤ አንዷ የእሱ ናት፣ አንዷ የእኔ። የባለሙያው እጅ ደረቱ ላይ እንዳለ ነበር። ፈገግታው የሚሄድበት አጣና ፊቱ ላይ ቆመ፣ ከዚያ ቀስ እያለ ለቀቀው። ከታች ከአደባባዩ የመኪና ጥሩንባ ይሰማል። አለቃዬ አንገቷን ደፍታ ጥፍሯን ታያለች።

ባለሙያው እጁን አወረደ። በመጨረሻ አባቴን ሳይሆን እኔን እያየ፣ «አሁን ጨርሷል?» አለ።

«ጨርሰሃል ወይ አባዬ?»

«ጨርሻለሁ በይው።»

ባለሙያው ረቂቁን ወደ ራሱ ሳበ። ያቺን ዓረፍተ ነገር ፈለጋት፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰረዛት። እስክሪብቶውን ከወረቀቱ ሳያነሳ ቆየ። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ በሚያባብል ድምፅ ሳይሆን በሰው ድምፅ፣ «ታዲያ በዚህ ቦታ ምን ብዬ ልጻፍ?» ሲል ጠየቀ።

ጥያቄውን ለአባቴ አደረስኩ። አባቴ ኮቱን ቆለፈና ተነስቶ ቆመ።

«ሰውየውን አቋረጡት። እኛ ግን ምን ሊል እንደነበር ገና እየጠበቅን ነው። እንደዚያ ብሎ ይጻፍ።»

ቃል በቃል ተረጎምኩለት። ጻፈው።